ስንቅ የሌለው ጦርነት

መብራት የሄደው የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ራሱ ተዋጊ አውሮፕላን ውስጥ ገብቶ ቀበቶውን ካሰረ በኋላ ነው።

ያኔ እንጅባራን ብዙ ሰው ኮሶበር ነበር የሚላት። ከአስፋልቱ ትንሽ ገባ ብሎ፣ ግድግዳው በጭቃ የተመረገ፣ መስኮቱ በጆንያ የተጋረደ ቪዲዮ ቤት ነበር። አንድ ቴሌቪዥን፣ አንድ ዴክ፣ አምስት ስድስት የቀርከሃ አግዳሚ። መግቢያው 50 ሳንቲም። ዘመኑ የ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ ወሩ ነሐሴ፤ በነሐሴ የእንጅባራ ጉም በበር ገብቶ አብሮ ፊልም ያያል። ቤቱ የራሰ ጋቢና የእንጨት ጭስ ይሸታል። እንግሊዝኛ ይችላል የተባለ፣ ስምንተኛ ክፍል የደረሰ ልጅ ፊት ተቀምጦ ያስተረጉምልናል። ፕሬዚዳንቱ ማይክሮፎን ይዞ ለአብራሪዎቹ ረጅም ንግግር አደረገ። የሚያዳምጡት ሁሉ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። አስተርጓሚያችን ዝም ብሎ ቆየና ንግግሩ ሲያልቅ «በርቱ፣ ዛሬ እንጨርሳቸዋለን ነው የሚለው» አለን። እኛም ለዚያችው አጨበጨብን።

ከዚያ ድርግም።

ባለቤቱ ሩብ ሰዓት ያህል አስጠበቀንና ገንዘብ እንደማይመለስ፣ ነገም የሚታየው ሌላ ፊልም እንደሆነ ነግሮ አስወጣን። ውጭው ካፊያ ነው። ስድስት ሰባት ሆነን አንድ የቆርቆሮ ጥግ ተጠለልንና ጭቅጭቃችንን ጀመርን። «አክተሩ አይሞትም» በሚለው ሕግ ሁላችንም ተስማምተናል። ያጣላን በምን ያሸንፋል የሚለው ነው። አንዱ በአቶሚክ አለ። እሱማ ቀድሞ ተጥሎ አልሠራም ብለን አፉን አስያዝነው። ሌላው ይታረቃሉ አለ፤ የሰማውም የለም።

የተጠለልንበት ቤት ባለቤት ፈረስ ያላቸው ሽማግሌ ነበሩ። ፈረሱ አጠገባችን ታስሮ ጭድ ያላምጣል። ወጣ ብለው ምን እንደሚያጨቃጭቀን ጠየቁን። እየተሻማን ነገርናቸው፤ ከሰማይ የመጡ፣ ከተማ የሚያክል መርከብ ያላቸው፣ ጥይት የማይበሳቸው። አዛውንቱ እስከ መጨረሻው በትዕግሥት ሰሙን።

«ስንቅ ማን ያዘላቸው?» አሉ።

ሳቅን። «አባባ፣ ፊልም እኮ ነው።»

«ይሁን። ስንቁን ማን ያዘ? ፈረሱንስ ማን አጠጣው?»

«ፈረስ የለም አባባ። አውሮፕላን ነው ያላቸው።»

«አውሮፕላኑስ አይጠጣም?»

መልስ አልነበረንም። ካፊያው ሲያባራ ተበተንን።

ያን ፊልም እስከ መጨረሻው ያየሁት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። «ኢንዲፔንደንስ ደይ» ይባላል፤ የነጻነት ቀን ማለት ነው። አዘጋጁ ጀርመናዊው ሮላንድ ኤመሪክ ነው፤ ዊል ስሚዝ፣ ጄፍ ጎልድብለምና ቢል ፑልማን ተጫውተውበታል። አሜሪካ ውስጥ ለሕዝብ የቀረበው እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1996 መጀመሪያ ነው። ቀኑን ወደኛ አቆጣጠር ስመልሰው ሰኔ 1988 መጨረሻ ሆኖ አገኘሁት። የአድዋ ድል መቶኛ ዓመት የተከበረው በዚያው ዓመት የካቲት ላይ ነው። እኛ ባሕር ተሻግሮ የመጣ ወራሪ የተሸነፈበትን መቶኛ ዓመት ባከበርን በአራት ወሩ፣ ሆሊውድ ከሰማይ የመጣ ወራሪ የሚሸነፍበትን ፊልም ለዓለም ሸጠ ማለት ነው። አጋጣሚ ነው፤ ከአጋጣሚነት በላይ ትርጉም ልሰጠው አልፈልግም። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጬ እንዳይ ግን ያስገደደኝ እሱ ነው።

የፊልሙ ጦርነት ሦስት ቀን ይፈጃል። በመጀመሪያው ቀን መርከቦቹ ኒውዮርክ፣ ዋሽንግተንና ሎስ አንጀለስ ላይ ያንዣብቡና ከተሞቹን ያነዳሉ። በሁለተኛው ተዋጊ አውሮፕላኖች ይነሣሉ፤ ሚሳይላቸው የማይታይ ጋሻ እየመታ ይፈነዳል። ሂዩስተን ላይ የኑክሌር ቦምብ ይጣላል፤ መርከቡ ንቅንቅ አይልም። በሦስተኛው ቀን የኮምፒውተር ባለሙያው ተስፋ ቆርጦ፣ ጠጥቶ፣ መሬት ላይ ተዘርፍጦ ሳለ አባቱ ብርድ እንዳይመታው ተነሥ ይሉታል። ልጅየው ከዚህች ቃል ሐሳብ ይወልዳል፤ እነሱንም «ብርድ» እናስመታቸው፣ ቫይረስ እንላክባቸው ይላል። ሁለት ሰዎች ከግማሽ ምዕተ ዓመት በፊት በተማረከች ትንሽ መርከብ ተሳፍረው እናቲቱ መርከብ ድረስ ይዘልቃሉ፤ ቫይረሱን ይለቃሉ፤ ጋሻው ይወድቃል። የቀረውን የእርሻ መድኃኒት ይረጭ የነበረ ሰካራም አብራሪ ከነአውሮፕላኑ የመርከቡ አፍ ውስጥ በመግባት ይጨርሰዋል።

በዚህ ሁሉ መሀል አንድም ሰው ምሳ አይበላም። ሽማግሌው ልክ ነበሩ። እኔም ከዚያ ወዲህ እንዲህ ያለ ፊልም ባየሁ ቁጥር ስንቁን የምፈልግ ሰው ሆኛለሁ፤ ጓደኞቼ አብረውኝ ማየት አቁመዋል።

የወራሪዎቹ አሸናነፍ አንድ ዓይነት ነው ማለት ይቻላል። የሆነ ቦታ አንድ ቋጠሮ አለ፤ ቋጠሮው ሲፈታ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይበተናል። እ.ኤ.አ. በ2011 በወጣው «ባትል ሎስ አንጀለስ» ከመሬት በታች የተቀበረው ማዘዣ ሲመታ ሰው አልባ አውሮፕላኖቹ እንደ ቅጠል ይረግፋሉ። በ2012ቱ «አቬንጀርስ» እናት መርከቧ ስትፈነዳ የኒውዮርክን መንገድ የሞላው ሠራዊት ባለበት ይደፋል። በ2014ቱ «ኤጅ ኦቭ ቱሞሮው» ቶም ክሩዝ እየሞተ እየተነሣ በመጨረሻ ፓሪስ ላይ ውኃ ውስጥ የተደበቀውን ዋናውን አንጎል ይገድላል፤ በዚያው አለቀ። «ማርስ አታክስ» በተባለው የቲም በርተን ቀልድ ደግሞ ወራሪዎቹን አንድ የድሮ ዘፈን ጭንቅላታቸውን አፈንድቶ ይፈጃቸዋል። ከሁሉም ሐቀኛው ይኼኛው ይመስለኛል፤ ቢያንስ ይቀልዳል።

ይህ የእናት መርከብ ነገር ፈጠራ ብቻ ነው ብዬ እንዳልንቀው የሚያደርገኝ የራሳችን ታሪክ ነው። በመጋቢት 1881 መተማ ላይ የአጼ ዮሐንስ ጦር የደርቡሽን ምሽግ ሰብሮ ሊያሸንፍ ምንም ሳይቀረው ንጉሠ ነገሥቱ በጥይት ተመቱ። ወሬው ከሰው ሰው ሲደርስ ያ ሁሉ ሠራዊት ተበተነ። ሆሊውድ አንድም ነገር ሳይጨምር ሊያነሣው የሚችል ትዕይንት ነው። እናት መርከቧ የነበረችው ግን በእኛ በኩል ነው።

የዘውጉ አባት እንግሊዛዊው ደራሲ ኤች ጂ ዌልስ ነው። «የዓለማት ጦርነት» የተባለው ልብ ወለዱ በመጽሔት መውጣት የጀመረው እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1897፣ በመጽሐፍ የታተመው በ1898 ነው። የማርስ ፍጡራን ለንደን አጠገብ ያርፉና በባለ ሦስት እግር ግዙፍ መኪና እየተንቀሳቀሱ በእሳት ጨረርና በመርዘኛ ጥቁር ጭስ አገሩን ይፈጃሉ። ዌልስ ሐሳቡን ያገኘው እንግሊዞች በታዝማኒያ ደሴት ነባር ሕዝብ ላይ ስላደረሱት እልቂት ከወንድሙ ጋር ሲጨዋወት ነው። ማርሳውያኑን ከመኮነኑ በፊት አንባቢው ታዝማኒያን እንዲያስታውስ በመጽሐፉ መጀመሪያ ላይ ራሱ ይጠይቃል። ለዘመኑ ድፍረት ነው። መድፍ ይዞ መሄድ የለመደውን አንባቢ ወስዶ በተወራሪው ቦታ አቆመው።

አቆመውና ምን አደረገው? ሠራዊቱ ይዋጋል። በዛፍ የተሸሸገ መድፍ አንዱን ባለ ሦስት እግር ይጥላል። አንድ የጦር መርከብ እየነደደች ሄዳ ማርሳውያኑን ትገጫለች፤ በሥነ ጽሑፍ ካነበብኳቸው የባሕር ውጊያዎች ከልቤ የማይወጣው እሱ ነው። ጦርነቱን ግን የሚጨርሰው ሰው አይደለም። ማርሳውያኑ ሰውነታቸው ለምድር ተህዋስያን ያልተዘጋጀ ስለሆነ ታመው በየመንገዱ ይሞታሉ። ሰዎች ከተደበቁበት ሲወጡ አሞራ ወራሪዎቹን ሲበላ ያገኛሉ።

እንግዲህ ቀኑን ልብ በሉልኝ። የመጽሔቱ የመጀመሪያ ክፍል የወጣው ከአድዋ ጦርነት በዓመት ከአንድ ወር ነው። በጊዜው አዲስ የተባለውን መሣሪያ ይዞ የመጣ የአውሮፓ ጦር ተወራሪው በገዛ እጁ አሸንፎት ወሬው የዓለም ጋዜጦችን ከሞላ ገና ዓመት ቢሆነው ነው። ዌልስ እንግሊዝን በተወራሪ ቦታ ማቆሙን ቻለበት፤ ተወራሪውን በራሱ ብልሃት የሚያሸንፍ አድርጎ መሣሉ ግን አልሆነለትም። ተህዋስያኑን ጠራ። ከዚያ ወዲህ ያሉ ፊልም ሠሪዎች ይቺን መውጫ ወርሰዋታል። የኢንዲፔንደንስ ደይ ቫይረስ የዌልስ ተህዋስያን ላፕቶፕ ላይ ተጭነው ነው።

በእኛ በኩል ደግሞ ተህዋስያኑ የተሰለፉት ከወራሪው ጋር ነበር። ጣሊያኖች ለጦራቸው ብለው ከሕንድ በምፅዋ በኩል ያስገቧቸው ከብቶች ገበሬው ደስታ የሚለውን የከብት በሽታ ይዘው መጡ። ከ1880 ዓ.ም. ጀምሮ በሽታው ደጋ ቆላውን አዳርሶ የአገሪቱን ከብት አብዛኛውን ፈጀ፤ በሬ የሌለው አርሶ አደር በዶማ እየቆፈረ፣ አንበጣና ድርቅ ተጨምሮበት፣ ክፉ ቀን የምንለው ረሀብ ሆነ። በሽታው ከዓለም መጥፋቱ የታወጀው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። የአድዋ ዘማች እንግዲህ ከዚያ ረሀብ በወጣ በሦስት በአራት ዓመቱ ተነሥቶ የተጓዘ ሰው ነው። የዌልስ ተፈጥሮ ለተወራሪው አደላች፤ የእኛዋ አላደላችም።

አድዋን በስንቅ ዓይን ማየት ፊልሞቹ የሚሸሹትን ነገር ሁሉ ያወጣዋል። ክተት የታወጀው መስከረም 1888 ነው፤ ውጊያው የካቲት 23። አምስት ወር ጉዞና ጥበቃ፣ ከዚያ ከንጋት እስከ ከሰዓት በኋላ የሚደርስ ውጊያ። ፊልም የሚወስደው ያቺን ግማሽ ቀን ነው። ወደ 100 ሺህ የሚጠጋው ሰው አምስት ወር ሙሉ ምን በላ? በአጋሰስና በአህያ የተጫነው እህል፣ በሶው፣ ድርቆሹ፣ ድንኳን እየነቀሉ እየተከሉ ከኋላ የተከተሉት ሴቶች፣ ወፍጮው፣ በየመንገዱ ባላገሩ እንዲያቀርብ የታዘዘው መስተንግዶ ነው ያደረሰው። በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ሁለቱም ጦር ፊት ለፊት ቆሞ አንዱ የሌላውን ረሀብ ሲጠብቅ ነበር። የጣሊያን ጦር አዛዥ ጄኔራል ባራቲየሪ የምኒልክ ሠራዊት ስንቅ አልቆበት እንደሚበተን ተስፋ አድርጎ ቆየ፤ የራሱም ጎተራ ጥቂት ቀን ብቻ ቀረው። ከሮም የጠቅላይ ሚኒስትሩ የክሪስፒ ቁጣ በቴሌግራም መጣበት፤ ጄኔራሎቹም ማፈግፈግ ነውር ነው አሉ። ከ17 ሺህ በላይ ወታደርና 56 መድፍ ይዞ በሌሊት ተነሣ። ኪዳነ ምሕረት የሚባለውን ኮረብታ ካርታው ላይ በተሳሳተ ቦታ ስላስቀመጡት የጄኔራል አልቤርቶኔ ጦር ከሌላው ተነጥሎ ርቆ ሄደ። ከዚያ በኋላ ያለው በየትምህርት ቤቱ የተማርነው ነው።

ከዚያ በፊት መቀሌ ላይ ደግሞ እንዳኢየሱስ የሚባል የጣሊያኖች ምሽግ ነበር። የማይደፈር ግንብ፤ እየወጡ የሚሞቱበት። እቴጌ ጣይቱ ምሽጉ የሚጠጣበትን ምንጭ ያዙ አሉ። ተያዘ፤ በሁለት ሳምንት ገደማ ውስጥ ሻለቃ ጋሊያኖ ምሽጉን ለቆ ወጣ። እ.ኤ.አ. በ2002 በወጣው «ሳይንዝ» (ምልክቶች) የተባለ የኤም ናይት ሺያማላን ፊልም ወራሪዎቹ ውኃ ሲነካቸው ይቃጠላሉ፤ ሦስት እጁ ውኃ የሆነን ምድር ለመውረር ከኮከብ ኮከብ አቋርጠው መምጣታቸው ለዓመታት ተሳቀበት። የጣይቱን ውኃ ግን የሚስቅበት የለም። የመቀሌው ውኃ የጠላት አካል ላይ የተገኘ ዕድለኛ ጉድለት አይደለም። ማንም ጦር የሚጠጣ መሆኑን ያወቀች ሴት ፍርድ ነው። ሽማግሌው ያሉትም ከዚህ የራቀ አልነበረም።

የዌልስ ጥቁር ጭስ ሌላ ታሪክ አለው። ደራሲው ሲጽፈው ገና በዓለም ያልነበረ መሣሪያ ነው። በ1928 ግን በኢትዮጵያ ላይ ከጣሊያን አውሮፕላን ወረደ፤ በመጀመሪያ በበርሜል እየተጣለ፣ ኋላ እንደ ዝናብ እየተረጨ። አጼ ኃይለ ሥላሴ ሰኔ 23 ቀን 1928 ጄኔቫ ላይ ለመንግሥታቱ ማኅበር ሲናገሩ ዘጠኝ፣ አሥራ አምስት፣ አሥራ ስምንት አውሮፕላኖች ተከታትለው የሚረጩት ጉም ሳይቆራረጥ አንድ አንሶላ ይሆን እንደነበር አስረድተዋል። ሰው፣ ከብት፣ ወንዝና ግጦሽ ሳይለይ። ከሰማይ የመጣ፣ ጥይት የማይደርስበት፣ ጭሱ የሚፈጅ ወራሪ እኛ ዘንድ የምናብ ዘውግ አይደለም። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ጥቅምት 20 ቀን 1931፣ አሜሪካዊው ኦርሰን ዌልስ ያንኑ «የዓለማት ጦርነት» በአሜሪካ ሬዲዮ የዜና አስመስሎ አቀረበውና ሰው ደነገጠ ተባለ፤ ድንጋጤውን ጋዜጦች ከልክ በላይ እንዳጋነኑት ኋላ ታውቋል። በዚያች ሌሊት እንጅባራ ላይ የሰፈረው የጣሊያን ወታደር ነበር፤ እሱን ለማመን ሬዲዮ አያስፈልግም።

እዚህ ላይ የእናት መርከቡ ሕግ ይሰበራል። ማይጨው ላይ ጦሩ ተፈታ፤ ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ከአዲስ አበባ ወጥተው ወደ ስደት ሄዱ። በፊልሙ ሕግ በዚያች ሰዓት ሁሉም ባለበት መደፋት ነበረበት። ጎጃም ላይ የሆነው ተቃራኒው ነው። በላይ ዘለቀ፣ ነጋሽ በዛብህ፣ ኃይሉ በለው፣ በአገው ምድርና በዙሪያው ደግሞ መንገሻ ጀምበሬ ጫካ ገቡ። አዛዣቸው በሌለበት፣ እርስ በርስ እየተቀናቀኑም ጭምር፣ ወራሪውን ከምሽጉ እንዳይወጣ አድርገው አምስት ዓመት ያዙት። ሽማግሌያችን ያኔ ልጅ ነበሩ። ኋላ እንደነገሩኝ የእሳቸው ድርሻ በማታ ቆሎና በሶ ተሸክሞ ጫካው ጫፍ ማድረስ ነበር፤ የተኮሱት ጥይት የለም። ጥያቄያቸው ከየት እንደመጣ የገባኝ ያን ቀን ነው።

ለዚህ አገር ነጻ መውጣት የተደረገውም ነገር ለሲኒማ የሚመች አይደለም። በየካቲት 1933 የዳንግላውና የእንጅባራው የጣሊያን ጦር ምሽጉን ለቆ ሄደ። የዳንግላው ወደ ባሕር ዳር፣ የእንጅባራው ወደ ቡሬ። ግንቡ ላይ የተሰቀለ ባንዲራ፣ በፍንዳታ መሀል የሚሮጥ አክተር የለም። ከሱዳን በኩል ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር የገባው የእንግሊዙ መኮንን የዊንጌት «ጌዲዮን» ጦር ከ2 ሺህ አይበልጥም ነበር፤ ጎጃም ውስጥ የነበረው የጠላት ጦር እጥፍ ድርብ ነው። ግን አምስት ዓመት ሙሉ መንገዱን ያጡ፣ በሌሊት መተኛት ያቃታቸው ሰዎች የመጣውን ጦር ብዛት እውነቱን ቆመው አልቆጠሩም። ዊንጌትም ጦሩ የበዛ እንዲመስል ያልሞከረው ዘዴ የለም፤ በድምፅ ማጉያ ሳይቀር ቀስቅሷል። ስንቁን የጫኑት ከ15 ሺህ የማያንሱ ግመሎች ነበሩ፤ የጎጃም ደጋ ብርድና አቀበት ከጥቂቶቹ በቀር ፈጃቸው። ስለ እነዚያ ግመሎች ማን ፊልም ይሠራል?

ስለ ፈረሶቹ ግን እንጅባራ ያለችበት አዊ ማኅበር አቋቁሟል። የአገው ፈረሰኞች ማኅበር የተመሠረተው በ1932 ዓ.ም. እንደሆነ ይነገራል፤ ጣሊያን ገና ሳይወጣ ማለት ነው። በአድዋና በአርበኝነቱ ዘመን ከሰው ጋር የዘመተውን ፈረስ ለማሰብ የተጀመረ ነው፤ ዛሬ አባላቱ በአሥር ሺዎች ይቆጠራሉ። እዚህ ፈረስ ሠርግ ያደምቃል፣ ሬሳ ይሸኛል፣ ሰው ያመላልሳል፣ ከዚያም አልፎ በብዙ ቦታ ሞፈር ተጭኖበት ያርሳል። ሌላው አገር የጀግናውን ስም በፈረሱ ሲጠራ ኖሯል፤ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ባልቻ አባ ነፍሶ፣ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መቻል። ከሞት ተርፎ ዝና የሚያገኘው ግን ሰውየው ነው። ፈረሱ ራሱ የሚታሰብበት ቀን ያለው እዚህ ነው።

እስቲ ወደ ፊልሙ ልመለስ። ኢንዲፔንደንስ ደይን ሙሉውን ባየሁ ቀን መጨረሻው ላይ አንድ ነገር አስቆመኝ። ድሉ በዓለም ዙሪያ ሲታይ አፍሪካም ለጥቂት ሰከንድ ትመጣለች፤ ጦር የያዙ ሰዎች ከሩቅ የወደቀ መርከብ እያዩ ይጨፍራሉ። በቃ። የእነሱን መርከብ ማን ጣለው? በጦር ነው? በአውሮፕላን ነው? ፊልሙ አይነግረንም። እንግሊዞቹ እንኳ በረሃ ላይ ሆነው የአሜሪካኖችን እቅድ ሲጠብቁ ነው የምናያቸው። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው ተከታይ ክፍል ይህንን ያረመ መስሎታል። አንድ የአፍሪካ አገር ላይ መርከብ አርፎ፣ ከወራሪዎቹ ጋር የእግር ውጊያ ለዓመታት ተደርጎ ነበር ይለናል። የዚያ አገር መሪ ጎራዴ ታጥቆ ይመጣል፤ ከኋላቸው ነው የሚመቱት ብሎ ለነጮቹ ያስተምራል። ከወንበሬ ተነሥቼ ልጮህ ምንም አልቀረኝም። በዚህ ዘውግ ውስጥ ካሉት ጦርነቶች ሁሉ ማየት የምፈልገው ያንን ነበር፤ ያለ እናት መርከብ፣ ያለ ቫይረስ፣ ጫካ ለጫካ የተደረገውን። በሁለት ዓረፍተ ነገር አወሩትና አለፉ።

ፈረስ የታየበት አንድ ትልቅ ፊልም አለ። በጄምስ ካሜሮን «አቫታር» ወራሪዎቹ እኛው ሰዎች ነን፤ ተወራሪዎቹ ባለ ስድስት እግር ፈረስ ላይ ሆነው መትረየስ ፊት ይጋልባሉ፤ ይረግፋሉ። ያን ትዕይንት በአዊ ሰው ዓይን ማየት ይከብዳል፤ ፈረሱ ሲወድቅ ድምፁን ታውቀዋለህ። ከዚያ ምን ይሆናል? የጫካው አራዊት ሁሉ ተነሥተው ይታደጓቸዋል። እንደገና የዌልስ ተህዋስያን፣ አሁን ቀንድና ጥርስ አብቅለው። አድዋ ላይ የፈረሰኛው ሥራ ሌላ ነበር። የተሸነፈው ጦር ሲያፈገፍግ እየተከተለ መበተን፣ እንደገና እንዳይሰለፍ ማድረግ። ትዕግሥት የሚጠይቅ ሥራ ነው።

የኛው አገር ፊልም በዚህ ዘውግ የሞከረው አንድ አለ፤ ስፔናዊው ሚጌል ያንሶ እ.ኤ.አ. በ2015 ያወጣው «ክረምብስ»። ዳንኤል ታደሰና ሰላም ተስፋዬ ይጫወቱበታል። ዓለም አልቋል፤ መርከቡ ለዓመታት ሰማይ ላይ ዝም ብሎ ቆሞ ዝጓል፤ ሰዎቹ ከሥልጣኔ የተረፈ የፕላስቲክ ኮተት እንደ ቅርስ ይቆጥራሉ። ውጊያ የለውም። ጀግናው መንገድ ይሄዳል፣ ይፈራል፣ እንደገና ይሄዳል። ብዙ ሰው ሰልችቶት እንደወጣ አውቃለሁ። እኔ ወድጄዋለሁ።

ባለፈው ጥር 23፣ በዚያ በፈረሶቹ ቀን፣ እንጅባራ ነበርኩ። ጠዋት ውርጩ ሣሩ ላይ ነጭ ሆኖ ያድራል፤ አራት ሰዓት ሲሆን አቧራ ይሆናል። ከባንጃ፣ ከአንከሻ፣ ከዚገም፣ ከፋግታ፣ ከዳንግላ የመጡ ፈረሶች ሜዳውን ሞልተውታል። ግላሱ ቀይና ቢጫ፣ አንገታቸው ላይ የክር ዘርፍ፣ የልጓሙ ብረት ተወልውሎ ያበራል። ሽምጥ ሲጋልቡ መጀመሪያ የሚደርስህ ድምፁ ሳይሆን መሬቱ ነው፤ ከእግርህ በታች ይንቀጠቀጣል። ሽማግሌዎቹ ቆመው የሚያዩት ሌላ ነገር ነው። ፈረሱ ላብ እንዴት እንደወረዛው፣ ኮርቻው ጀርባውን ልጦት እንደሆነ፣ የትኛው ልጅ ልጓም አብዝቶ እንደሚስብ ያያሉ። አንዱ ወጣት ሲያልፍ ጎን ለጎኔ የቆሙት አባት ምላሳቸውን ጠቅ አደረጉ። «አፉን አቆሰለው» አሉ።

ያ ወጣት ኋላ አጠገቤ ወረደ። ሃያ ዓመት ቢሞላው ነው። ስልኩን አውጥቶ ጓደኛው የቀረጸለትን ግልቢያ አሳየኝ፤ ገና ከሜዳው ሳይወጣ የአንድ የአሜሪካ የጦር ፊልም ሙዚቃ ጨምሮበታል።

«ጋሼ፣ አያምርም?» አለኝ።

ያምራል አልኩት። ያምር ነበር።

ስልኩን ኪሱ ከተተና ኮርቻውን ፈታ። ግላሱን አንሥቶ የፈረሱን ጀርባ በመዳፉ ዳበሰ፤ እንፋሎት ይወጣዋል። አፉን ከፍቶ ልጓሙ የነካውን ቦታ አየና ፊቱን ቋጠረ። ከዚያ ከካፖርቱ የውስጥ ኪስ በፌስታል የተቋጠረ የገብስ ቆሎ አወጣ። አንድ እፍኝ ለፈረሱ ዘረጋለት። ፈረሱ በከንፈሩ ጠራርጎ እስኪጨርስ ጠብቆ እጁን በሱሪው ጠረገና፣ የቀረውን ለራሱ መቆርጠም ጀመረ።